ጋሼን ጠይቂልኝ

ጥቅምት 2

ለወንድሜ ለማሙሽ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ፤ ከናፍቆትህ በቀር።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ቤቱ በሰው በተሞላበት ቀን ስለሆነ ሳልከፍተው አንድ ሳምንት ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ከረመ። ይቅር በለኝ። እንደ ሁልጊዜው “ያ ሶፋ ሠሪ ባልሽ መቼ ነው የሚያርፈው? የአሮጌ ሶፋ አቧራ ሳንባውን ሳይጨርሰው ይብቃህ በይው” ብለሃል።

አርፏል፣ ማሙሽዬ። ጋሼህ አርፏል። መስከረም ሃያ አንድ፣ ቅዳሜ ጠዋት። ሱቁ ተዘግቷል። መዶሻውንና መቀሱን በጨርቅ ጠቅልዬ አልጋው ሥር አስቀምጫቸዋለሁ። ሰው አልተለየኝም፤ ከቤተ ክርስቲያን፣ ከጎረቤት፣ ሶፋቸውን ካደሰላቸው ሰዎች የቀረ የለም። መቀመጫ አንሶን ጎረቤት ወንበር ስንለምን ዋልን። የሶፋ ሠሪ ቤት መቀመጫ ሲያንሰው በዓይኔ አየሁ።

ዝርዝሩን ሌላ ጊዜ እጽፍልሃለሁ። አሁን እጄ እምቢ ብሎኛል። ፊደሌ ስለተጣመመ አትቀየመኝ።

እህትህ

ጥቅምት 28

ለእትዬ፣

እሰይ! እሰይ! ሦስተኛም እሰይ!

ደብዳቤሽን የከፈትኩት ናፍጣና ደብዳቤ የሚያመላልስልኝ ሾፌር ፊት ነው። ይህ ሰው በወር አንዴ መጥቶ ሦስት ቃል ከተናገረ ብዙ ነው። ስስቅ ሲያየኝ “ምን ተገኘ?” አለኝ። “የእህቴ ባል አረፈ!” አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ፤ ኮፍያውን አወለቀና “ነፍስ ይማር” አለኝ። “አንተ ሰው፣ ከሥራ ነው ያረፈው ያልኩህ!” ብዬ ሆዴን ይዤ ሳቅሁበት። እሱ ግን አልሳቀም። አንዳንድ ሰው ቀልድ አይገባውም።

አርባ ዓመት ሰው ሲቀመጥ እሱ ቆመ፤ አሁን ደግሞ እሱ ይቀመጥ። መዶሻውን መደበቅሽ ደግ አድርገሻል፤ ካገኘው በማግስቱ ወደ ሱቁ ይመለሳል። ምስማሩንም ደብቂ። ያን ምስማር በከንፈሩ ደርድሮ “ተመስገን” ሲል “ተምፍገን” ይመስል እንደነበር ትዝ ይልሻል? ፊደልሽ እውነትም ተጣሟል። በደስታ ነው መቼም።

እትዬ፣ ከሳቅሁ ሰባት ዓመቴ ነው። ሳቄን ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ። ስለዚህ ሾፌሩ በርሜሉን እስኪያወርድ ድረስ፣ ድፍረቱ ሳይለቀኝ ልጻፈው።

ባለቤቴን የቀበርን ቀን ጋሼ ደጃፌ ላይ ቆሞ “ተመስገን” ሲል ሰማሁት። እኔ ሚስቴን አፈር አልብሼ መመለሴ ነው፣ እሱ ያመሰግናል። “ያንተ አምላክ ለዚህም ምስጋና ይፈልጋል?” ብዬ በሰው ፊት ጮህኩበት። ቃል አልመለሰልኝም። ከዚያ ይህን ሰው የሌለበት ፓምፕ ጣቢያ ጠይቄ መጣሁ። ቤተ ክርስቲያንን የተውኩትም፣ ጸሎትን የተውኩትም ያን ዕለት ነው፤ አንቺም ታውቂያለሽ፣ አንድ ቀን አንስተሽብኝ ግን አታውቂም።

አሁን እሱ ጊዜ አለው። ጋሼን ጠይቂልኝ፦ ያን ቀን ለምን ተመስገን አለ? ለጠብ አይደለም። እንዳኮረፍኩት ማርጀት ሰልችቶኛል።

ማሙሽ

ኅዳር 8
(ያልተላከ)

ማሙሽዬ፣

ተሳስተሃል። ጋሼህ ከሥራ አይደለም ያረፈው። ሞቷል። ቀብረነዋል።

“ሞተ” የሚለውን ቃል እጄ አልጽፍ ብሎኝ ለስለስ ያለውን መረጥኩ፤ ለስላሳው ቃል ይኸው ጉድ ሠራኝ። “አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ” የሚለውንም ከላይ የደረደርኩት አስቤበት አይደለም። ልጅ ሆነን ደብዳቤ አጻጻፍ ያስተማሩን መምህር ሰላምታ ሳይጽፍ ወሬ የጀመረን ይቆነጥጡ ነበር። ይኸው ባሌ ሞቶም ቁንጥጫ ፈርቼ ደህና ነኝ አልኩ።

ይህን ወረቀት ይዤ ሁለት ጊዜ ፖስታ ቤት ደጃፍ ደርሼ ተመለስኩ። ሳቅሁ ብለሃል። ሰባት ዓመት ሙሉ ያልሳቀ ወንድሜን ሳቁን በምን አፌ ልቀማው? ደግሞ የእኔን ጉድ ልንገርህ፤ በአንተ ደብዳቤ ውስጥ እሱ አለ። ተቀምጧል። እኔ መዶሻ ደብቄበታለሁ፣ እሱ ይፈልጋል። በዚህ ቤት ግን መዶሻ የሚፈልግ የለም። ከዚህኛው ቤት ያ ቤት ተሻለኝ።

ኅዳር 12

ለወንድሜ ለማሙሽ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ስለዘገየሁ ይቅርታ።

ደብዳቤህን ይዤለት ሄድኩ። ጋሼህ አሁን የሚውለው ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከትልቁ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ጸጥ ያለ ቦታ ነው፤ መዶሻ አይሰማበትም። እዚያው ቆሜ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩለት። “ተምፍገን” የሚለው ጋ ስደርስ እኔ ሳቅሁ። እሱ ከሰው ጋር ብዙ አያወራም አሁን። ሳሉ ግን ለቆታል፤ ጨርሶ ለቆታል።

ስለጠየቅከው ነገር። የምጽፍልህ ከራሱ አፍ የሰማሁትን ነው፤ የእኔ ቃል የለበትም።

ያን ቀን ደጃፍህ ላይ ቆሞ ሳለ ከሩቅ የመጣ የድሮ ደንበኛው በመንገዱ ሲያልፍ አየው። ሰውዬው ስለ ሐዘኑ የሰማው ነገር የለም። “እንዴት ነህ፣ ሶፋ ሠሪው?” አለው። ጋሼህም አፉ የለመደውን መለሰ። አንተ ከበሩ ኋላ ነበርክ፤ የሰማኸው መልሱን ብቻ ነው፣ ጥያቄው አልደረሰህም። ነገሩ ይኸው ነው፤ አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።

“ታዲያ ለምን አትነግረውም?” ብዬ ሰባት ዓመት ተጨቃጨቅሁት። “ሐዘንተኛ ላይ ምክንያት አልደረድርም። ያጠፋው አፌ ነው፣ አፌ ይዘጋ” አለኝ። ደብዳቤ ጀምሮልህ ነበር፤ አንዴ አይደለም። ሶፋ ውስጥ ከሚጠቀጥቀው ቁርጥራጭ ጋር ሲጠቀጥቀው አይቼዋለሁ። ከተማው ውስጥ ላንተ በተጻፈ ይቅርታ ላይ ሳያውቅ የተቀመጠ ሰው አይጠፋም።

እህትህ

ኅዳር 28

ለእትዬ፣

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ የውሃ ማጠራቀሚያውን ሁለት ጊዜ ዞርኩት። ሾፌሩ ከመኪናው ሆኖ ዓይኑን ሳይነቅል አየኝ። ዘንድሮ ይህ ሰው ስለ እኔ ሳያመለክት አይቀርም።

ሰባት ዓመት! በአንድ “እንዴት ነህ”! እኔም የምለው ይህንኑ ነው፦ ጋሼ አፉ አመለጠው፣ የእኔም ራስ ተመለጠ፣ ሁለታችንም ሳናውቀው። ይቅር በለኝ በይልኝ። እንደ ዋዛ ሳይሆን ቆመሽ፣ ድምፅሽን ሳትቀንሺ ንገሪልኝ፤ የመዶሻ ጆሮ ስለሆነ ደንቆሮ ነው።

አሁን ደግሞ ሌላ ጥያቄ አለኝ፤ እንዳትቀየሚኝ። እዚህ ክፍሌ ውስጥ ያሉኝ አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛና የፓምፑ የግፊት መለኪያ ናቸው። ጠዋት ስነሳ የመለኪያውን ቁጥር ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። ማንም እንዳነበው አላዘዘኝም፤ የሰው ድምፅ እንድሰማ ነው። ካሳቅሽኝ ወዲህ ከቁጥሩ በኋላ ያን “ተመስገን” የሚለውን ቃል ልጨምር እየሞከርኩ ነው። አፌ ይደርቃል። ውሸት ይመስለኛል።

ለጋሼ ቀላል ነው፤ እሱ አንቺ አለሽው። ደክሞት ሲገባ “ደከመህ?” የሚለው ሰው አለ። ጋሼን ጠይቂልኝ፦ አንቺ ቀድመሽው ብትሄጂ፣ ባዶ ቤት ውስጥ በጠዋት ሲነሳ፣ ያኔም ያመሰግናል? ወይስ በረከት ማለት ሰው አጠገብ መኖሩ ብቻ ነው? እሱ ዋሽቶኝ አያውቅም። የሚለውን ቃል በቃል ጻፊልኝ።

ማሙሽ

ታኅሣሥ 17

ለማሙሽ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ጥያቄህ ከባድ ነው፤ ከአንተ ሌላ ማንም አይጠይቀውም።

ጋሼህ የሚልህ ይህን ነው።

ሰው አሮጌ ሶፋ ይዞለት ሲመጣ የሚጨነቀው ለላይኛው ጨርቅ ነው። ቀለሙ፣ አበባው፣ ከመጋረጃው ጋር መሄዱ። ሶፋ ሠሪ ግን መጀመሪያ ይገለብጠዋል። ከጨርቁ ሥር ስፖንጅ አለ፣ ከስፖንጁ ሥር ሞላ፣ ከሁሉ በታች ደግሞ ሞላውን የተሸከመው ጠፍር አለ። ጠፍሩ አያምርም። አቧራ ጠጥቷል፣ ማንም አያየውም፣ ሰው የሚቀመጠው ግን በእሱ ነው። ጨርቁ ተቀዶ ጠፍሩ ደህና ከሆነ ያ ሶፋ አልሞተም።

ተመስገን ማለት የላይ ጨርቅ ከሆነ፣ ማለትም ደስ ብሎኛል፣ ሞልቶልኛል ማለት ከሆነ፣ ሐዘን በአንድ ቀን ይቀደዋል። ባዶ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለው ተመስገን አፍ ቢያደርቅ አይገርምም፤ እውነትም ውሸት ነው። ግን ያ ቃል ደስ ብሎኛል ማለት አይደለም፣ ማሙሽዬ። አልሄድኩም ማለት ነው። ልጅ አባቱን ያኮርፋል፣ ከማዕድ ይቀራል፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ከቤት ግን አልወጣም። ጌታዬ፣ የወሰድክብኝን አልወደድኩትም፣ አልገባኝም፣ አላናግርህም፤ ነገር ግን ያለሁት እቤትህ ነው፣ የምተኛው ባንተ ጣሪያ ሥር ነው። ይህን ማለት የቻለ ሰው አመስግኗል።

በረከትም እንዲያ ነው ይልሃል። ሰው አጠገብ መኖሩ በረከት ነው፤ ሰው ሲሄድ ግን የቤቱ ባለቤት አብሮት አይሄድም።

ሌላ አትጠይቀው። ዛሬ ደክሞታል።

እህትህ

ታኅሣሥ 29

ለእትዬ፣

የደብዳቤሽን ያን ገጽ ከግፊት መለኪያው አጠገብ ለጠፍኩት። ሾፌሩ በርሜል ሲያወርድ አየው፤ ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበው። ከዚያ ሌላ በርሜል አወረደ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ አነበበው። ምንም አላለም።

እኔ ግን ብያለሁ። ሾፌሩ ከሄደ በኋላ የምጽፍልሽ እንዳይመስልሽ፤ እየጠበቀኝ ነው። እሱ ፊት ነው ያልኩት። “አኩርፌሃለሁ፣ ግን አልሄድኩም” አልኩ፤ ለሾፌሩ እንዳልሆነ ገብቶታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ከእግዚአብሔር ቤት ወጥቻለሁ ብዬ አስብ ነበር። ለካ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ የተኛሁ ልጅ ነኝ።

ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ይህ ፓምፕ ውሃ ገፍቶ ተራራውን ያሻግራል። ከተራራው ማዶ ቤቶች አሉ። በሰባት ዓመት ውስጥ ውሃውን ማን እንደሚጠጣው አንድ ቀን አስቤ አላውቅም። አሁን ማለዳ ማለዳ አስባለሁ፤ አንዷ ሕፃን ታጥባለች፣ አንዱ ፊቱን ይላጫል። አያውቁኝም፣ አላውቃቸውም። ሆኖም ብቻዬን ያለሁ አልመስል አለኝ። ብቸኝነቱ አልሄደም፤ ዋሽቼ አላስደስትሽም። አብሬው ተቀመጥኩ እንጂ።

ዋናው ወሬ ይህ ነው፦ የሚተካኝ ሰው ተገኝቷል። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ እመጣለሁ! ለጋሼ እንዳትነግሪው። እዚያ ዛፍ ሥር እንደ ተቀመጠ ከኋላው መጥቼ እግሩ ላይ እወድቃለሁ። ይህን እያሰብኩ ነው የምኖረው። ሥራ መፍታቱ እንዳያሳምመው ብቻ እስክመጣ ጠብቂልኝ።

ማሙሽ

ጥር 21

ማሙሽዬ፣

ይህን ቁጭ ብለህ አንብበው። ሾፌሩም አጠገብህ ይሁን።

ሰላምታ አልጻፍኩም፤ ከዚህ በፊት ሰላምታው ነው ያሳሳተህ።

ሾፌሩ ልክ ነበር። ጋሼህ መስከረም ሃያ አንድ ቀን ሞቷል። የአንዲት ደንበኛ ሶፋ ሊጨርስ ማልዶ ለብሶ ነበር። አልጋው ጫፍ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ሳሉ ያዘው። ውሃ ይዤ ስመለስ አልፎ ነበር። አንዱ ጫማ ታስሯል፣ አንዱ አልታሰረም። “ስምህን ጠራ” ብልህ ደስ ይለኝ ነበር፤ አልጠራህም። የማንንም ስም ለመጥራት ጊዜ አላገኘም።

አንተ ያረፈውን ከሥራ ነው አልክ፣ ሳቅሁ አልክ። እኔም ዝም አልኩ። መጀመሪያ ላንተ ብዬ ነበር፤ ኋላ ለራሴ ሆነ። ወር ሲደርስ እሱን “እንዴት ነው?” የሚል ደብዳቤ ይመጣልኛል፤ በዚህ ከተማ ስለ እሱ እንደዚያ የሚጠይቀኝ ማን አለ? ሰው ሁሉ “ነበር” ይላል። ላንተ ብቻ “ነው” ነበር። ኅዳር ላይ እያንዳንዱን ቃል እንዳልዋሽ መርጬ ጻፍኩ፤ ከዛፍ ሥር ነው አልኩ፣ ብዙ አያወራም አልኩ። እውነት ቃል መርጦ መዋሸት ከተራው ውሸት እንደሚብስ አሁን ገብቶኛል።

የእሱንና የእኔን ልለይልህ። የደንበኛው ነገር፣ ሶፋ ውስጥ የገቡት ደብዳቤዎች፣ እነዚያ የእሱ ናቸው፤ በእግዚአብሔር ስም እውነት ናቸው። ይቅር ብሎህ ነው የሞተው፤ መች ተቀይሞህ ያውቅና!

ከግድግዳው የለጠፍከው ግን የእሱ አይደለም። የእኔ ነው። እሱ ጠፍር ወጠረ እንጂ ስለ ጠፍር አንድ ቀን አልሰበከም። “ቀድመሽው ብትሄጂ ባዶ ቤት ውስጥ ያመሰግናል ወይ” ብለህ ስትጠይቅ ባዶው ቤት ውስጥ የተቀመጥኩት እኔ ነበርኩ። ተናደድኩብህ። በእግዚአብሔርም ተናድጄ ነበር፤ ከቀብሩ ወዲህ አንዲት ቃል አልተነፈስኩለትም። የማልበላውን እንደማበስል ሆኜ ነው የጻፍኩልህ። አንተ በላኸው፤ እኔ አልቀመስኩትም።

እንዳትመጣ ብትወስን አልፈርድብህም። የምፈራው አንድ ነገር ነው፦ ከሰባት ዓመት በኋላ ያገኘኸውን ጸሎት የውሸታም እህት ሥራ ነው ብለህ እንዳትጥለው። በእኔ ተቀየም፤ ጸሎቱን ግን አትጣል። ይህን ብቻ እለምንሃለሁ።

እህትህ

ጥር 30

እትዬ፣

ሾፌሩ የመጣው ከትናንት በስቲያ ነው። አልሄደም። ወረቀቱን ይዤ መሬት ስቀመጥ ሲያይ ሞተሩን አጠፋ፣ ኮፍያውን አወለቀ፣ አጠገቤ ተቀመጠ። “ጥቅምት ላይ ብዬህ ነበር” አላለኝም። ናፍጣ ከእሱ የሚጠብቅ ሌላ ጣቢያ ነበር፤ “ይጠብቅ” አለ። ሁለት ቀን አብሮኝ ከረመ። ካወቅሁት ጀምሮ የተናገረውን ቢደምሩት ለአንድ ሰዓት ወሬ አይበቃም፤ ለለቅሶ ግን እሱን የመሰለ አላየሁም።

ለጋሼ አለቀስኩ። ለሚስቴ ያኔ ያላለቀስኩትንም አብሬ ከፈልኩ። አንቺንም ተቀየምኩ፤ አልደብቅሽም። የጋሼን እግር ከእጄ ላይ ነጠቅሽኝ። ሁለት ወር ሙሉ ያንን ሰው በዛፍ ጥላ ሥር አስቀምጬ አይቼዋለሁ፤ ፊቱ ሳይቀር ወፍሮልኝ ነበር። ያን ፊት ዳግመኛ መቅበር ነበረብኝ። ስመጣ እንጣላለን፣ ተዘጋጂ።

ትናንት ከሰዓት ያን ገጽ ልቀድደው ከግድግዳው ነቀልኩት። ስነቅለው ሾፌሩ “ማን ነበር የጻፈው?” አለኝ። “እህቴ” አልኩት። “ባሏ ከሞተ በኋላ?” አለኝ። “አዎ” አልኩት። እኔም ወረቀቱን እንደያዝኩ ቀረሁ።

እትዬ፣ ያን ቃል ጋሼ ብሎት ቢሆን ኖሮ ውሎ አድሮ እከራከረው ነበር። “ሞልቶለት ነው፣ ሚስቱ አጠገቡ ናት” እል ነበር። ያለችው ግን ባሏን በቀበረች በሦስተኛ ወሯ፣ ከባዶ ቤት፣ ተናድዳ የምትጽፍ ሴት ናት። መከራከሪያ አሳጣሽኝ። መልሼ ለጠፍኩት። አልቀመስኩትም ብለሻል፤ ከየት አምጥተሽ ሰጠሽኝ ታዲያ? በሌለ እህል ማን አብስሎ ያውቃል?

ከዚያ ደብዳቤዎቼን በልቤ ከለስኩ፣ የጻፍኩልሽን ማለቴ ነው። ጋሼን ጠይቂልኝ፣ ለጋሼ በይልኝ፣ ጋሼን ጠብቂልኝ። አፈርኩ። አንድም ቦታ አንቺን አልጠየቅሁም። ስንት ዓመት “ደህና ነኝ” ስትይ “እሺ” ብዬ አልፌያለሁ።

ስለዚህ አሁን እጠይቃለሁ። እንዴት ነሽ? ይህ ሰላምታ አይደለም፤ ጥያቄ ነው።

ወንድምሽ

የካቲት 15

ማሙሽዬ፣

ጥያቄህን አራት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ላለ ጥያቄ መልስ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው፤ ካጠፋሁ ታገሠኝ።

ደህና አይደለሁም። ሰው በቀን ውስጥ ይመጣልኛል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፤ የሚከፋው ሸኝቼያቸው በሩን ስዘጋ ነው። ከበሩ እስከ ጓዳው ያለው መንገድ ረዘመብኝ። ብቻዬን መሆኔን የምረሳው ዕቃ ከእጄ ሲወድቅ ነው፤ “ምን ሰበርሽ?” የሚል ድምፅ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ራሴ አነሳዋለሁ።

እሱ ከሞተ ወዲህ ቁጭ ብዬ በልቼም አላውቅም። ምድጃው አጠገብ ቆሜ ከድስቱ ነው የምጎርሰው። ቤቴ በሶፋ ተጨናንቋል፣ ጠረጴዛውም ሰፊ ነው፤ ግን ለአንድ ሰው ሳህን ማውጣት ያሳፍረኛል። ማን እንደሚያየኝ እንጃ። ይህን ለማንም አልነገርኩም። ለእግዚአብሔርም አልነገርኩትም፤ እያየ ምን አስነገረኝ?

ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ከኋላ እቆማለሁ፣ ሌላው ሲዘምር ከንፈሬን አላንቀሳቅስም። ባለፈው ማክሰኞ ግን ቧንቧ ከፍቼ እጄን ስታጠብ አንተ ትዝ አልከኝ። አንተ የምትገፋው ውሃ እዚህ እንደማይደርስ አውቃለሁ። የኛን ውሃ ደግሞ የሚገፋው የማላውቀው ሌላ ሰው አለ ብዬ አሰብኩ። እሱም እንደ አንተ ቁጥር ጮክ ብሎ ያነብ ይሆን? አሳዘነኝ። “አምላኬ፣ ይህን ሰው አስበው” አልኩ። ብዬ ከጨረስኩ በኋላ ነው ማንን እንዳናገርኩ የገባኝ። ከአምስት ወር ገደማ ኩርፊያ በኋላ መጀመሪያ የተነፈስኩለት ቃል ስለ ማላውቀው ፓምፕ ጠባቂ ሆነ። ቧንቧውን ሳልዘጋ ቆየሁ። ደስታ አልለውም። ግን ቤቱ ውስጥ ሰው እንዳለ ዓይነት ነበር።

የካበትኩት ይህን ያህል ነው፤ ከዚህ በላይ አልዋሽህም። ጋሼህ ቢሆን በዚህች ታህል አንድ ቀን ሙሉ ያመሰግን ነበር። እኔ ገና ነኝ።

ስትመጣ እንጣላለን ብለሃል። እሺ፣ ይገባኛል፤ የሚጣላኝ ሰውም ናፍቆኛል። የምታጽናናኝ ቃል ግን አታዘጋጅ፤ ቃል በዝቶብኛል። እንደደረስክ ሻንጣህን አስቀምጥ፣ ታጠብ፣ ራበኝ በል። ሁለት ሰው ምድጃ ሥር ቆሞ ከአንድ ድስት አይበላም፤ አንዱ የግድ ሳህን ማውጣት አለበት።

ና። ቁጭ ብዬ ልብላ።

እህትህ